ኮምፒውተሩ ያንተ፣ ቆጣሪው የማን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወጣቶች ሲያገኙኝ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ የሚጠይቁኝ ስለ ውርስ፣ ስለ ቤት ስም ማዛወር፣ ቢበዛ ስለ ዲቪ ነበር። አሁን ግን «ቤት ያለችኝን ኮምፒውተር ሌት ተቀን ከፍቼ ቢትኮይን ባመርትባት ያዋጣኛል ወይ? ሕጉስ ምን ይላል?» ይሉኛል። ሁለተኛው ጥያቄ የሙያዬ ነው። የመጀመሪያውን «የሒሳብ ሰው ጠይቁ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ ስል ግን ሁለቱ ጥያቄዎች የማይነጣጠሉ ሆነው አገኘኋቸው። ለምን እንደሆነ ከመናገሬ በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንግባባ።

ቢትኮይን የሚባለው ገንዘብ ብሔራዊ ባንክ የለውም። ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀ፣ ራሱን ሳቶሺ ናካሞቶ ብሎ የሚጠራ ሰው (ወይም ሰዎች) እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 አንድ ጽሑፍ አሠራጨ፤ ጥር 3 ቀን 2009 ደግሞ ሥራው ተጀመረ። ባንክ በሌለበት «ማን ለማን ምን ያህል ከፈለ?» የሚለውን የሚይዘው በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ የተባዛ አንድ የጋራ መዝገብ ነው። በዚህ መዝገብ ላይ በየአሥር ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጨመራል። ገጹን የሚጨምረው ማነው? እዚህ ላይ ነው ማይኒንግ የሚባለው ነገር የሚመጣው።

ብዙ ጊዜ «ኮምፒውተሩ ከባድ የሒሳብ ጥያቄ ይፈታል» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ኮምፒውተሩ ግን የሚያደርገው መገመት ብቻ ነው። የተፈለገው ዓይነት ውጤት እስኪወጣ ድረስ ቁጥር ይሞክራል፣ ይጥላል፣ ሌላ ይሞክራል። ልክ የሎተሪ ቁጥር እየፋቀ እንደሚጥል ሰው። መጀመሪያ የቀናው ገጹን ይጽፋል፣ ለድካሙም አዲስ ቢትኮይን ይሰጠዋል። ሽልማቱ ሲጀመር 50 ቢትኮይን ነበር። በአራት አራት ዓመት ገደማ በግማሽ እየተቀነሰ መጥቶ ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 3.125 ሆኗል። በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ቢትኮይን አይኖርም።

አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ወደ ውድድሩ ቢገባ ብዙ ቢትኮይን አይመረትም። ሥርዓቱ በየ2,016 ገጹ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ራሱን እየለካ፣ ተወዳዳሪው በበዛ ቁጥር ጥያቄውን ያከብደዋል፣ በቀነሰ ቁጥር ያቀለዋል። የቀበሌ ዳቦ ሰልፍ የሚያስታውስ ትውልድ ይገባዋል፦ ዳቦው ያው ነው፣ የሚጨምረው ሰልፈኛው ነው።

በ2009 (ከዚህ በኋላ ካልገለጽኩ በቀር የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሰልፉ ላይ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ ማንኛውም የቤት ኮምፒውተር 50 ቢትኮይን ሊያገኝ ይችል ነበር። በ2010 ግን ላስሎ ሃንየትዝ የተባለ ፕሮግራመር ለቪዲዮ ጌም የተሠራው ግራፊክስ ካርድ ለዚህ ግምት እጅግ ፈጣን መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ለሁለት ፒዛ 10,000 ቢትኮይን የከፈለው ሰውም እሱ ነው። በ2013 ደግሞ ከቢትኮይን ግምት በቀር ሌላ ምንም የማይሠሩ ልዩ ማሽኖች ገበያ ላይ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ የቤት ኮምፒውተር በቢትኮይን ሰልፍ ላይ መቆሙ ለወጉ ያህል ነው።

ምን ያህል ለወጉ? እናስላው። ጥሩ የሚባል ግራፊክስ ካርድ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ግምት ይሞክራል እንበል። ብዙ ይመስላል። በ2025 ግን የዓለም ማሽኖች በሙሉ ተደምረው በሰከንድ ከ1 ቀጥሎ 21 ዜሮ ያለው ቁጥር ያህል ግምት የሚሞክሩበት ደረጃ ደረሱ። ስለዚህ የቤታችን ኮምፒውተር ድርሻ ከአንድ ትሪሊዮን አንድ ነው። በቀን የሚመረተው ቢትኮይን 450 ገደማ ነው፤ አንዱን 100,000 ዶላር ብንለው 45 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ይህንን ለትሪሊዮን አካፍለን፣ ዶላሩን በ150 ብር መንዝረን፣ በ365 ቀን ብናባዛው የዓመቱ ገቢ ሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመጣል። የቀኑን አላልኩም፤ የዓመቱን ነው።

ወጪውስ? ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ሆኖ 200 ዋት ቢጠቀም በዓመት 1,752 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብንይዘው (አንባቢ የራሱን ቢል አይቶ ይተካው) 10,512 ብር ነው። ሁለት ብር ተኩል ለማግኘት አሥር ሺሕ ብር! ደግሞም ሁለት ብር ተኩሉ የሚገኘው ከሌሎች ጋር ተዳብሎ ነው። ብቻውን ልሞክር የሚል ሰው አንድ ጊዜ ዕድል እስኪቀናው በአማካይ 19 ሚሊዮን ዓመት መጠበቅ አለበት። ድንቅነሽ በሕይወት ሳለች ኮምፒውተሩን ከፍታው ብትሄድ ኖሮ ዛሬ የጥበቃው ስድስተኛ ላይ እንገኝ ነበር። ለዚህም ነው ሰዎች በማኅበር ሎተሪ እንደሚገዙ ጓደኞች ተሰባስበው ግምታቸውን አዋጥተው የደረሰውን በየድርሻቸው የሚካፈሉት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጽሑፉ አጭር በሆነ ነበር። ነገር ግን የሚጠይቁኝ ልጆች ሞኞች አይደሉም። «ጋሼ፣ ቢትኮይንን በቤት ኮምፒውተር ማን ያመርታል? ሌሎች አሉ እኮ!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ኢቴሪየም የሚባለው እስከ መስከረም 15 ቀን 2022 ድረስ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ነበር፤ በ2021 ዋጋው ሰማይ ሲነካ በዓለም ላይ ግራፊክስ ካርድ ጠፍቶ የቪዲዮ ጌም ተጫዋቾች ሲያለቅሱ ከርመዋል። በዚያ ቀን ግን ኢቴሪየም አሠራሩን ቀይሮ ማይኒንግን ከናካቴው አስቀረ። ካርዱን በብድር የገዛ ሁሉ ካርዱን ታቅፎ ቀረ። ሞኔሮ የሚባለው ደግሞ ከኅዳር 2019 ወዲህ ሆን ተብሎ ተራ ፕሮሰሰር እንዲያመርተው፣ ልዩ ማሽን ደግሞ እንዳይበልጠው ተደርጎ የተቀመረ ነው። የቤት ኮምፒውተር ተስፋ ያለው ቢኖር እዚህ ነው።

እሱንም እናስላው። በሞኔሮ በየሁለት ደቂቃው 0.6 ሳንቲም ይመረታል፤ በቀን 432። ደህና የጠረጴዛ ኮምፒውተር በሰከንድ 10,000 ግምት ቢሞክር፣ የዓለሙን ጠቅላላ ደግሞ 5 ቢሊዮን ብንይዘው፣ የአንዱን ሞኔሮ ዋጋም 300 ዶላር ብንለው የቀኑ ገቢ 26 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በእኛ 39 ብር ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ 150 ዋት ቢጠቀም በቀን 3.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ6 ብር 21 ብር ከ60። ትርፍ፦ 17 ብር በቀን። በወር 500 ብር አለፍ ይላል። እነሆ፣ ያዋጣል ማለት ነው!

ቸኩለን አናጨብጭብ። ያንኑ ኮምፒውተር አንስተን ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖር ዘመዳችን ቤት እናስቀምጠው። እሱ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም ገደማ ቢከፍል የቀኑ የመብራት ሒሳብ 61 ሳንቲም ይሆናል፤ ገቢው ግን ያው 26 ሳንቲም ነው። ማሽኑ አንድ፣ ሳንቲሙ አንድ፣ ድካሙም አንድ። አዲስ አበባ ላይ ትርፍ፣ ዋሽንግተን ላይ ኪሳራ። (የኪራይ ውሉ ላይ መብራት ተካቶለት የሚኖር ዘመድ ካለ ለእሱ ያዋጣዋል። ለምን እንደሚያዋጣው ግን አንባቢ ከወዲሁ ሳይገባው አይቀርም።)

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ 17 ብሩ ከየት መጣ? ኮምፒውተሩ ከዋሽንግተኑ የተለየ ነገር አልሠራም። ልዩነቱ የመጣው ከቆጣሪው ነው። መብራቱ ለማመንጨትና እስከ ቤታችን ለማድረስ ከሚፈጀው ባነሰ ዋጋ ስለሚሸጥልን ነው። በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2014 ዓ.ም. በተጠናቀቀው ማስተካከያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት 27 ሳንቲም ገደማ፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ደግሞ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ይከፍል ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ የሚል የአራት ዓመት ማስተካከያ የመጣውም ይህ ዋጋ ወጪውን ስለማይሸፍን ነው። ታሪፉ በእርከን የተሠራው ደግሞ ለአንዲት አምፖልና ለአንድ ምጣድ የሚጠቀመው ደሃ እንዲቀለው ተብሎ ነው። በዚያ እርከን ውስጥ ተቀምጦ ሳንቲም የሚያመርት ሰው የሚያተርፈው ከእውቀቱ ወይም ከማሽኑ አይደለም፤ ለሌላ ዓላማ ከተመደበ ድጎማ ነው የሚቆነጥረው።

ይህ የመንግሥትና የዜጋ ጉዳይ ነው ብሎ የሚንቀው ሊኖር ይችላል። ወደ ግቢ እናውርደው።

አንዲት የማውቃቸው እናት ግቢያቸው ውስጥ አራት ክፍል ያከራያሉ። ቆጣሪው አንድ ነው። የመብራት ሒሳብ ሲመጣ እሳቸውን ጨምሮ በአምስት ይካፈላል። በደህናው ጊዜ የወሩ ሒሳብ ከ1,900 ብር ብዙም አያልፍም ነበር። ድንገት ወደ 4,500 ብር ወጣ። መጀመሪያ የተጠረጠሩት አዲስ ማቀዝቀዣ የገዙት ባልና ሚስት ነበሩ፤ በዚህ የተነሳ ሰላምታ ተቋረጠ። ቀጥሎ ቆጣሪው ተበላሽቷል ተባለ፤ ሠራተኛ መጥቶ አየው፣ ቆጣሪው ጤነኛ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ እትዬ ራሳቸው የጥጉን ክፍል በር ሲነኩት ይሞቃል። «ልጄ፣ ውስጥ እሳት አለ እንዴ?» ቢሉት ልጁ ግራፊክስ ካርድ የተሰኩባቸውን ሁለት ኮምፒውተሮች አሳያቸው። ማራገቢያው ሲጮኽ እኔም ሄጄ ሰምቼዋለሁ፤ ወፍጮ ቤት ነው።

ልጁን አልጠላሁትም። ትሁት ነው፣ ሒሳቡንም አልደበቀም። በወር 2,000 ብር ገደማ ያገኛል። ኮምፒውተሮቹ አንድ ላይ 600 ዋት ይጠቀማሉ፤ ሌት ተቀን ሲሠሩ በወር 432 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ6 ብር 2,592 ብር። «ታዲያ እየከሰርክ ነው እኮ!» ብለው «አይ ጋሼ፣ ለእኔ የሚደርሰኝ አንድ አምስተኛው ነው» አለኝ። በእርግጥም ከ2,592 ብር እሱ የሚከፍለው 518 ብር ነው። የሚተርፈው ወደ 1,480 ብር። ሌሎቹ አራቱ ደግሞ በማያውቁት ሥራ 2,074 ብር ያዋጣሉ። ግቢው በጠቅላላው ሲደመር በየወሩ ወደ 600 ብር ይከስራል፤ ከስረው ግን የሚያተርፍ አንድ ሰው አላቸው። ይባስ ብሎ ልጁ ቀደም ሲል «እኔ ምጣድ የለኝም፣ ድርሻዬ ሊቀነስልኝ ይገባል» ብሎ አመልክቶ እንደነበር እትዬ ነገሩኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ከዚህ በላይ አንድ ነገር ይታከል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነ የጋራ ቆጣሪ ላይ የአንዱ ፍጆታ የሁሉንም የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ወደ ላይ ይጎትታል። ጎረቤቶቹ የከፈሉት ለእሱ ኮምፒውተር ብቻ ሳይሆን ለገዛ አምፖላቸውም በውድ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ለሚለው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2162 በሌላው ሰው ንብረት ወይም ድካም ያለ በቂ ምክንያት የበለጸገ ሰው ያንን ለተጎዳው እንዲክስ ያዛል። ልጁ ከቆጣሪው ሽቦ አልቀጠለም፣ አልሰረቀምም፤ «በአምስት እንካፈል» በሚል ስምምነት ተጠቅሟል። ስምምነቱ ግን የተደረገው ሁሉም እንደ ቤተሰብ ይጠቀማል በሚል ግምት ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት አልደረሰም፤ የሰፈር ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሦስቱን ወር ልዩነት እንዲመልስ ወሰኑ፣ መለሰም። ከዚያ በኋላስ? ሽማግሌዎቹ «ማሽንህን አጥፋ» አላሉትም። «የምትጠቀምበትን ሙሉውን ክፈል» ነው ያሉት። በዚያው ሳምንት አጠፋው። ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አላውቅም።

የግቢው ጉዳይ በአገር ደረጃም ታይቷል። ኮሶቮን እንውሰድ። በሰሜን ኮሶቮ ያሉ ሰርቦች የሚበዙባቸው አራት ማዘጋጃ ቤቶች ከ1999ኙ ጦርነት በኋላ ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የመብራት ሒሳብ ሳይከፍሉ ኖረዋል። ምክንያቱ ፖለቲካ ነው፤ ውስጡ አንገባም። ውጤቱ ግን የሚጠበቅ ነበር፦ ነፃ መብራት ባለበት ማሽኖች እንደ እንጉዳይ ፈሉ። በ2021 መጨረሻ አገሪቱ የኃይል ቀውስ ውስጥ ገብታ መብራት በፈረቃ ሲሆን መንግሥት በጥር 2022 ማይኒንግን አገደ፤ ፖሊስም በአንድ ቀን ዘመቻ ከ300 በላይ ማሽኖች ያዘ። የደቡቡ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ የሰሜኑን ማሽን መብራት ሲከፍል እንደኖረ የገባው ያኔ ነው።

ለሕግ ሰው ይበልጥ የሚጣፍጠው ግን የሳይቤሪያዋ ኢርኩትስክ ነገር ነው። እዚያ የአንጋራ ወንዝ ግድቦች ስላሉ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ከመላው ሩሲያ እጅግ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ነው። ብርዱ ደግሞ ማሽኑን በነፃ ያቀዘቅዛል። ሰዉ ጋራዡን፣ በረንዳውን፣ ምድር ቤቱን በማሽን ሞላው። የመብራት አከፋፋዩ ድርጅት ደንበኞቹን ከሰሰ። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ ደንበኛው «ቤቴ ውስጥ ነው የምጠቀመው፣ ስለዚህ የቤት ታሪፍ ነው» ይላል። ድርጅቱ «ታሪፉ የተሰጠህ ለኑሮህ እንጂ ለንግድህ አይደለም» ይላል። ፍርድ ቤቶች በብዙ መዝገቦች ለድርጅቱ ፈርደው ልዩነቱ በንግድ ታሪፍ እንዲከፈል አዘዋል። ለታሪፉ ወሳኙ ቆጣሪው የተሰቀለበት ግድግዳ ሳይሆን ኃይሉ የዋለበት ተግባር ነው ማለት ነው። ከኅዳር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሩሲያ ሕግ ደግሞ አንድ ግለሰብ ሳይመዘገብ ማምረት የሚችለው በወር ከ6,000 ኪሎዋት ሰዓት እስካልበለጠ ድረስ ነው አለ። የኢርኩትስክ ደቡባዊ ክፍል ግን ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ጨርሶ ታግዷል፤ ኃይሉ አልበቃ ብሎ።

እኛም አገር ይኸው ጥያቄ ወደፊት መምጣቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም ፈተናው ከሞኔሮዋ 17 ብር በላይ ነው። ከውጭ የሚመጡት ልዩ ማሽኖች፣ ለምሳሌ አንትማይነር ኤስ 21 የሚባለው፣ በ3,500 ዋት በሰከንድ 200 ትሪሊዮን ግምት ይሞክራል። ቅድም በያዝነው ስሌት በቀን 9 ዶላር፣ 1,350 ብር ያስገባል፤ የሚበላው 84 ኪሎዋት ሰዓት በ6 ብር 504 ብር ነው። ያጓጓል። ነገር ግን 3,500 ዋት ማለት ሌት ተቀን ያልጠፋ የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። በመኖሪያ ቤት መስመር ላይ፣ በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ፣ ያረጀ ሽቦ ላይ። የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር እንዲህ ዓይነት ምጣድ ሃያና ሠላሳ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን የመብራት መጥፋት ያስተማረው አዲስ አበቤ አይጠፋውም። የቢትኮይን ዋጋ በግማሽ ቢወርድ ደግሞ 1,350ው 675 ይሆናል፤ ማሽኑ ግን ዋጋ ወረደ ብሎ የሚበላውን አይቀንስም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህንን በር ዘግተው አልገቡም፤ በፊት ለፊት ነው የገቡት። በ2024 መጀመሪያ ላይ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከ21 አምራቾች ጋር የኃይል ሽያጭ ውል እንደነበረው ተዘግቧል፤ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ናቸው። ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ተተክለው፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 3 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላሉ። ግማሽ ያህሉ ሕዝባችን መብራት በማያገኝበት አገር ይህ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ሌላ ሙግት ነው፤ እኔ ራሴ ልቤ በሁለት ይከፈላል። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ላይ፣ የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን ሊመረቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ድርጅቱ ያለው አቅም ስለሞላ አዲስ አምራች እንደማይቀበል አስታወቀ። ቢያንስ ግን እነዚህ ውል አላቸው፣ ዋጋቸውም ይታወቃል። የጓሮው አምራች ሁለቱም የሉትም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ላይ በዘርፉ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጥሪ አድርጓል። አንድ ላፕቶፕ የያዘ ተማሪ ይመለከተዋል ወይ ተብሎ ቢከራከሩበት የሚያስኬድ ነው፤ ሦስት ማሽን ጋራዥ ውስጥ የደረደረ ግን ባይከራከር ይሻለዋል።

ሌላ በር ደግሞ አለ፣ እሱም ከሁሉ የከፋው፦ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር። መብራቱንም ማሽኑንም መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ ከዚህ የሚያዋጣ ነገር የለም። በየካቲት 2018 ሩሲያ ውስጥ ሳሮቭ በተባለችው የኑክሌር ምርምር ከተማ መሐንዲሶች የማዕከሉን ግዙፍ ኮምፒውተር ለቢትኮይን ሊያውሉ ሲሉ ተይዘዋል። ከ2017 እስከ 2019 ኮይንሃይቭ የሚባል አገልግሎት ደግሞ ድረ ገጽ የጎበኘውን ሰው ኮምፒውተር ሳያውቀው ሞኔሮ እንዲያመርት ያደርግ ነበር። የእኛው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላውን ሥርዓት መድረስን በወንጀል ይቀጣል። የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ «መግቢያ ቃሉ በእጄ ነው» ማለቱ መከላከያ አይሆነውም፤ ፈቃድ የተሰጠው ለሥራው ነውና። (በስልክ እየነካኩ «ማይኒንግ ላይ ነኝ» የሚባለው የቴሌግራም ጨዋታ፣ በ2024 ልጆቻችንን እንቅልፍ የነሳው፣ ከዚህ ሁሉ የለበትም። እዚያ የሚመረተው የጠቋሚ ጣት ድካም ነው።)

በመጨረሻ ሁሉም ተሳክቶ፣ ኪራዩ የራሱ፣ ቆጣሪው የራሱ፣ ቢሉን ሙሉውን የሚከፍል ሰው 17 ብሯን በየቀኑ አጠራቀመ እንበል። ሳንቲሙን ወደ ብር መለወጥ አለበት። ብሔራዊ ባንክ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ሰዎች በቴሌግራም ተፈላልገው፣ አንዱ ሳንቲሙን ልኮ ሌላው በባንክ ብር ያስገባለታል። አልፎ አልፎ ገዢው ሐሰተኛ የባንክ መልእክት ይልካል። አልፎ አልፎ ደግሞ የገባው ብር ከሌላ ማጭበርበር የመጣ ሆኖ ይገኝና የሻጩ ሒሳብ ይታገዳል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ጠበቃ ሲመጣ እጁ ላይ ያለው የቴሌግራም ንግግር ቅጂ ነው፤ የተዋዋይ ስም የለ፣ አድራሻ የለ፣ ውሉም ሲነበብ መገበያየቱ ያልተፈቀደ ነገር ሽያጭ ነው። ለፖሊስ ሊያመለክት ይችላል፤ ማመልከቻው ላይ ግን ሥራውን ሁሉ አብራርቶ መጻፍ አለበት። ጠበቃው ደግሞ ፋይል ለመክፈት ብቻ የሚያስከፍለው በቀን 17 ብር የምታመርት ኮምፒውተር ከአንድ ዓመት በላይ ሠርታ የምታመጣው ገንዘብ ነው።